ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ የገባን ጎልማሳ ተማሪ እንዴት እናግዝ?

ሥራ እየሠራ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጭንቅላቱን ነው። «በዚህ ዕድሜዬ ትምህርት ይገባኛል?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚነሳው ተማሪው ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ፍሬ ነገሩን ማውጣት፣ የአሳይመንት ጥያቄ ምን እንደሚፈልግ መለየት፣ ምንጭ ጠቅሶ መጻፍ ያውቃል ብሎ ነው። ቁጭ ብሎ ያሳየው ሰው ግን ላይኖር ይችላል። እነዚህ ሁሉ ክህሎቶች ናቸው። ክህሎት ደግሞ በትልቅነትም ይለመዳል።

እርስዎ አስጠኚ፣ የትዳር አጋር፣ ወንድም ወይም የሥራ ባልደረባ ሊሆኑ ይችላሉ። ዋናው ምክሬ አንድ ነው፦ ክህሎቱን ለብቻው አያስተምሩ። ስለ ጥናት ዘዴ ረጅም ገለጻ ለመስማት የሥራ ሰው ጊዜ የለውም። በዚህ ሳምንት የሚያነበውን ምዕራፍ ወይም በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስገባውን አሳይመንት ይዛችሁ ተቀመጡ።

1. መጀመሪያ ያዳምጡት

ለምን እንደተመዘገበና የት ላይ እንደተያዘ ይጠይቁት። በ1970ዎቹ የጎልማሶች ትምህርት አስተሳሰብን በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ማልኮም ኖልስ፣ ትልቅ ሰው አንድን ነገር ከመማሩ በፊት ለምን እንደሚያስፈልገው ማወቅ ይፈልጋል ይል ነበር። ስለዚህ ማንኛውንም ዘዴ ከማሳየትዎ በፊት ለየትኛው ችግሩ እንደሚሆን ይንገሩት።

ያለውንም ይቁጠሩለት። በሥራ ቦታ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ሐሳብ ማሳጠር ያውቃል። የሠራተኛ ፈረቃ የሚያወጣ ሰው ጊዜ መደልደል ያውቃል። «ሪፖርት ስትጽፍ ከምን ትጀምራለህ?» ብለው ይጠይቁትና ከመልሱ ተነስተው ወደ አሳይመንቱ ይሂዱ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በሌላ ጉዳይ አንቱ የሚሉትን ሰው፣ ተማሪ ስለሆነ ብቻ እንደ ልጅ አይቆጡት።

2. ሳምንቱን ወረቀት ላይ ያውጡት

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን 7 ሰዓት ቢተኛ 49 ሰዓት ይሄዳል። ሥራና መንገድ 50 ቢወስዱ 69 ይቀራል። ከዚህ ላይ ምግብ፣ ልጆች፣ የቤት ጉዳይና ማኅበራዊ ኑሮ ይቀነሳሉ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ሰዓት ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ የግል ጥናት ይጠበቃል። ሒሳቡ ካልገጠመ ኮርስ መቀነስ ነው የሚሻለው። ይህንን በሴሚስተሩ መጀመሪያ መናገር፣ ፈተና ሲደርስ ከማልቀስ ያድናል።

ከባዱን ንባብ አእምሮው ንቁ በሚሆንበት ሰዓት ያስገቡት። ቤተሰቡም የጥናት ሰዓቱን ይወቅ። ሁሉም የሚያየው ቦታ ላይ ይለጠፍ።

3. አብራችሁ አንብቡ

ብዙ ጎልማሳ ተማሪ የጥናት ጽሑፍ ልክ እንደ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው መስመር ይጀምራል። አራተኛው ገጽ ላይ ይደክመዋል። ከዚያ «አልገባኝም» ብሎ ይዘጋዋል።

አንድ ጽሑፍ ያውጡና እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ርዕሱንና አብስትራክቱን (መግቢያው ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ) ያንብብ። ቀጥሎ ወደ መደምደሚያው ይዝለል። አዎ፣ መጨረሻውን አስቀድሞ ማወቅ ይፈቀዳል። ከዚያ ንዑስ ርዕሶቹን እያየ እያንዳንዱን ወደ ጥያቄ ይለውጥ። «የጥናቱ ውስንነቶች» የሚል ካለ «ይህ ጥናት ምን ማሳየት አልቻለም?» ብሎ ይጻፍ። አሁን መልስ ፍለጋ ያነባል። የማያውቀውን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ አይፈልግ፤ ደጋግሞ የሚመጣውን ብቻ ያስምርበት።

አንድ ክፍል ሲጨርስ ወረቀቱን ገልብጦ ያነበበውን በራሱ ቃል ይንገርዎ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ይልመዱ። ተማሪው ሲንተባተብ ቶሎ መልስ ማቀበል ያምራል፤ ግን የሚማረው በዚያች ጭንቅ ውስጥ ነው። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ካወጣ በቂ ነው። እሱኑ ይጻፈው። ያ ጽሑፍ ማስታወሻው ነው።

4. ደጋግሞ ከማንበብ ራስን መፈተን

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናቱ፣ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት በቃሉ እየያዘ ምን ያህሉን እንደሚረሳ በራሱ ላይ ለካ። አብዛኛው የሚረሳው ከተጠና በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ስለዚህ መርሳት ከዕድሜ የመጣ ጉድለት ብቻ እንዳልሆነ ለተማሪዎ ይንገሩት። በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ፣ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተሻለ ሲያስታውሱ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በልጠው እንደተገኙ አሳዩ።

በተግባር ቀላል ነው። በትንንሽ ካርድ በአንድ ወገን ጥያቄ፣ በሌላው መልስ። ነገ አንዴ፣ ከሦስት ቀን በኋላ አንዴ፣ ከሳምንት በኋላ አንዴ። ወረፋ ሲጠብቅም፣ መንገድ ላይም ይሆናል።

5. ከመጻፉ በፊት ጥያቄውን ይፍቱት

ብዙ ውጤት የሚጠፋው እዚህ ነው። እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ እንበል፦ «የርቀት ትምህርት ለሥራ ሰዎች ከመደበኛው የተሻለ ስለመሆኑ በሁለት መስፈርቶች ገምግም።» ተማሪው እርሳስ ይያዝና ምን እንዲሠራ የሚያዘውን ግስ ያክብብ፦ «ገምግም»። ርዕሱን ያስምር፦ የርቀት ትምህርት። ከዚያ ገደቦቹን ይለይ፦ ለሥራ ሰዎች፣ ሁለት መስፈርቶች። የርቀት ትምህርት ምን እንደሆነ ሦስት ገጽ ቢጽፍ «ግለጽ» ለሚል ጥያቄ ነው የመለሰው። «ገምግም» ሲባል መስፈርት መርጦ፣ ማስረጃ መዝኖ፣ አቋም መያዝ አለበት።

ጎልማሳ ተማሪ ሌላም ፈተና አለበት። ኑሮ ያስተማረው ብዙ ነገር ስላለ «እኔ በሥራዬ እንዳየሁት» ብሎ ይጨርሳል። ልምዱን አያጣጥሉበት። ትልቅ ሀብት ነው። ግን ልምዱ ጥያቄውን እንዲያነሳለት፣ ማስረጃውን ደግሞ ከምንጭ እንዲያመጣ ያሳዩት። ያየው ነገር በጥናት ይደገፋል ወይስ ይቃረናል? ጥሩ ጽሑፍ የሚወጣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የምንጭ አጠቃቀምንም በደንብ ያስረዱት። ከምንጩ ላይ ሁለት ሦስት ቃል መቀያየር በራስ ቃል መጻፍ አይደለም። አንብቦ፣ ዘግቶ፣ ጽፎ፣ ከዋናው ጋር ማመሳከር ነው። በራሱ ቃል ቢጽፈውም ምንጩን ይጥቀስ። ሳያውቅ የኮረጀ ሰው ከኮራጅ ጋር እኩል ሊቀጣ ይችላል።

6. ኮምፒውተሩን እሱ ይያዝ

ፋይል መጫን፣ ፒዲኤፍ ማውረድ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ዳታቤዝ መፈለግ ብዙ ሰው በሀፍረት የሚደብቀው ችግር ነው። ማውሱን አይቀሙት። እርስዎ ይናገሩ፣ እጁ ይሥራ። አሳይመንት የሚገባበትን ገጽ ቀኑ ሳይደርስ በሙከራ ፋይል ይለማመደው፤ ሲስተሙ ካልፈቀደ ደረጃዎቹን ብቻ ይይ።

7. እርዳታ መጠየቅን ያለማምዱት

ትልቅ ሰው መምህሩን መጠየቅ ያፍራል፤ መምህሩ በዕድሜ ሲያንሰው ይብሳል። የመጀመሪያውን ኢሜይል አብራችሁ ጻፉ። ይህን ያህል ይበቃል፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሁለተኛውን አሳይመንት ጀምሬአለሁ። ሁለቱን መስፈርቶች ወጪና የጊዜ አመችነት አድርጌ መርጫለሁ። ከጥያቄው ጋር ይሄዳሉ? በማማከሪያ ሰዓትዎ መምጣት እችላለሁ።» የሞከረውን ገልጾ አንድ ግልጽ ነገር የሚጠይቅ ተማሪ ቶሎ መልስ ያገኛል።

8. ቀስ እያሉ ይውጡ

የመጀመሪያውን አሳይመንት አብራችሁ ሥሩ። በሁለተኛው ዕቅዱን ብቻ ይዩለት። በሦስተኛው ከማስገባቱ በፊት አንዴ ያንብቡት፤ ስህተቱን ግን አያርሙ፤ የትኛው አንቀጽ ላይ እንዳለ ብቻ ይንገሩት። የመምህሩ አስተያየት ሲመለስ ውጤቱን ሳይሆን አስተያየቱን አብራችሁ አንብቡ። ተማሪው ለቀጣዩ ሥራ የሚያስተካክለውን አንድ ነገር መርጦ በአዲሱ አሳይመንት የመጀመሪያ ገጽ አናት ላይ ይጻፈው።