ባለ ስድስት ኪስ የግድግዳ ማንጠልጠያ ለልጆች የሳምንት ልብስ

ጠዋት ልጅ አልብሶ የሚሸኝ ሰው አንዲት ካልሲ ስንት ደቂቃ እንደምትበላ ያውቃል። ባለቤቴ ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ ስትሆን ልጆቹን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ትልቋ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ትንሹ ገና ኬጂ ነው። ሐረር ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው። ውሃ በመጣ ቀን የሳምንቱ ልብስ ባንዴ ይታጠባል። ከተሰጣበት የተሰበሰበው ልብስ ቦታ ካልተበጀለት ወንበር ላይ ተቆልሎ ይሰነብታል፤ ማታ መብራት ከጠፋ ደግሞ ከዚያ ክምር ውስጥ የማን ሱሪ የማን እንደሆነ መለየት ከባድ ነው።

የሠራነው ነገር ቀላል ነው። ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ጨርቅ፣ ላዩ ላይ ስድስት ኪስ። አምስቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ስድስተኛው ለጥቃቅኑ። ለአንድ ልጅ አንድ። ሱቅ የሚሸጡት ባለ ኪሶች አብዛኞቹ ለጫማ የታሰቡ ስለሆኑ ኪሳቸው ጠባብ ነው፤ የታጠፈ ዩኒፎርም አይገባባቸውም።

ስለዚህ ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት ልብስ እጠፉ። ይህን አትዝለሉት። የልጃችሁን የአንድ ቀን ልብስ በሙሉ አውጡ፤ ሸሚዝ፣ ሱሪ ወይም ጉርድ፣ ሹራብ፣ የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ። ሱሪውን ሁለቴ አጥፋችሁ ከታች አድርጉ፤ ሸሚዙን ከላዩ፣ ካልሲና ፓንቱን መሃል። ከዚያ ሁሉንም ባንድ ላይ አጥፋችሁ በማስመሪያ ለኩ። የእኛ ልጆች ልብስ እንዲህ ሲታጠፍ ወርዱ 26፣ ቁመቱ 22፣ ውፍረቱ ደግሞ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ውፍረቱን የሚያስቡ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ኪስ የሚያስቸግረው ግን በሱ ነው። ሐረር ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋቱ ስለሚበርድ ሹራብ የግድ ነው። ድሬዳዋ ያላችሁ ያንን ስለማትፈልጉት ኪሱን ትንሽ ልታሳንሱት ትችላላችሁ።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በዚህ ልኬት የወጡ ናቸው። የእናንተ ከተለየ በእናንተው ሂዱ።

ጨርቁ ካኪ ወይም ወፈር ያለ የመጋረጃ ጨርቅ ይሁን። አቡጀዲ ርካሽ ነው፤ ግን ሲሞላ ይረግባል፣ ኪሱም ወደ ፊት ይንጠለጠላል። ወርዱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ጨርቅ ካገኛችሁ ለአንዱ ማንጠልጠያ 1 ሜትር ተኩል ይበቃል። ወንድሜ ድሬ ታይዋን ገበያ ሲሄድ አስመጥቼ ነው እኔ የሠራሁት፤ ሐረርም ይገኛል። ሳትቆርጡት ታጠቡትና አድርቁት። የሚኮማተር ጨርቅ ከሆነ አሁን ይኮማተር።

ለጀርባው 74 በ115 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ከታች ከሚተርፈው ሰቅ ሦስት ኪስ ጎን ለጎን ይወጣል፤ ከጎን ከሚተርፈው ደግሞ የቀሩት ሦስቱ። እያንዳንዱ ኪስ ወርዱ 48፣ ቁመቱ 28 ነው። ኪሱ ሲያልቅ ወርዱ 30 ብቻ ይሆናል። የቀረው 18 የት ሄደ? ሁለቱ ለስፌት፣ 16ቱ በግራና በቀኝ ለሚታጠፈው እጥፋት። ልብሱ ሲገባ ኪሱ እንደ አኮርዲዮን የሚከፈተው በዚህ እጥፋት ነው። እጥፋት የሌለው ኪስ ልብስ ሲገባበት ጀርባውን ይጎትታል፤ ጨርቁ በሙሉ ይጨማደዳል።

መስመር ለማስመር አልቆ የቀጠነ የሳሙና ቁራጭ ከጠመኔ ይሻላል። መስመሩ ቀጭን ነው፣ ሲታጠብም ይለቃል።

መኪና ቤታችሁ ካለ ራሳችሁ ስፉት። ከሌለ እንደ እኔ መኪና ግርግር ወደሚባለው የሐረር የሰፊዎች መንገድ ውሰዱት። ከፈረስ መገላ ወደ ግድር መገላ በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ይሰፋሉ። ቆርጣችሁና አስምራችሁ ከሄዳችሁ ቀጥ ቀጥ ያለ ስፌት ስለሆነ ቆማችሁ ታሰፉታላችሁ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የኪሶቹን አፍ 3 ሳንቲ ሜትር አጥፋችሁ ቀምቅሙ። የጀርባውን ሁለት ጎን በሁለት በሁለት ሳንቲ ሜትር፣ ታችኛውንም እንደዚሁ ቀምቅሙ። የላይኛውን ጫፍ 7 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ አጥፋችሁ ስፉት፤ እንጨቱ የሚያልፈው በዚያ ነው። አሁን ጀርባው ወርዱ 70፣ ቁመቱ 106 ሆኗል። ከላይኛው ጫፍ ጀምራችሁ በ14፣ በ46 እና በ78 ላይ የኪሶቹን አፍ አስምሩ፤ በ38፣ በ70 እና በ102 ላይ ደግሞ ታቻቸውን። በየረድፉ ሁለት ኪስ ጎን ለጎን ይገጠማል፤ በጎን በኩል ከዳር 3፣ በመሃል 4 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይቀራል። በላይኛውና በታችኛው ኪስ መካከል የተተወው 8 ሳንቲ ሜትር የልጅ እጅ እንዲገባ ነው፤ ጨርቅ ለመቆጠብ ብላችሁ አትቀንሱት።

ኪሱን ስትገጥሙ ጎንና ታቹን 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፉና በካውያ ተኩሱ። ከዚያ ከየጎኑ 8 ሳንቲ ሜትር ወስዳችሁ ለሁለት አጥፉት፤ 4 ሳንቲ ሜትር ከስር ይገባል። እሱንም ተኩሱ። ጎኑ ሲሰፋ መርፌው መያዝ ያለበት የስረኛውን ጠርዝ ብቻ ነው። ጣታችሁን ከላይኛው እጥፋት ስር አስገብታችሁ ገለል አድርጉት፣ ስፉ፣ ጣታችሁን እያስቀደማችሁ ውረዱ። ታች ስትደርሱ ግን እጥፋቱን መልሳችሁ አስተኙትና ሁሉንም ባንድ ላይ ርገጡት። እዚያ ጋ ጨርቁ ድርብርብ ስለሆነ መኪናውን ቀስ አድርጉ፤ ካስፈለገ ጎማውን በእጅ አዙሩ።

የሰፉልኝ ሽማግሌ የኪሱን ሁለት የአፍ ጥጎች በትንሽ ሦስት ማዕዘን ደግመው ሰፉልኝ። «አባባ፣ ይሄ ለምንድነው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ኪስ የሚቀደደው ከአፉ ነው። ልጅ ደግሞ ሲያወጣ ይጎትታል፣ አያነሳም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የልጆቼ ኪሶች እስካሁን አንዱም አልተተረተረም። ሰፊያችሁ ሳትነግሩት ካላደረገው ጠይቁት።

ለስሞቹ ትልቋ ራሷ «ሰኞ»፣ «ማክሰኞ» ብላ በእርሳስ ጻፈችና እናቷ በጥልፍ ክር ሄደችበት። ፊደሉ ተንጋዷል፤ እንዳይነካ ብያለሁ። ማንበብ ለማይችለው ትንሹ ለየቀኑ አንድ አንድ ቀለም ቁልፍ ተክለንለታል። ጎረቤቶቻችን አፋን ኦሮሞ የሚማሩ ልጆች ስላሏቸው በነሱ ላይ ዊጠታ፣ ኪብጠታ ተብሎ ተጠልፏል።

እንጨቱ የመወልወያ እንጨት ነው፤ 80 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ሁለቱን ጫፍ በቢላ ትንሽ ሸርሽሩት፣ ለመስቀያ የምታስሩበት ሲባጎ እንዳይንሸራተት።

ስቀላው ላይ ጊዜ ስጡ። የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ሚስማር ውሎ አድሮ ይላላል። ተበስቶ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ይግባበትና በብሎን ይታሰር፤ ሁለት ቦታ። ጀጎል ውስጥ በድሮ ቤት የምትኖሩ ደግሞ ግድግዳችሁ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ሚስማር ስትመቱበት ልስኑ ይረግፋል። እዚያ ቤት ግን ሰፌድና ሳህን የሚሰቀልባቸው የቆዩ መስቀያዎች አይጠፉም፤ የቤቱን ትልቅ ሰው አስፈቅዳችሁ አንዱን ተጠቀሙ። የኪራይ ቤት ሆኖ አከራዩ መብሳት ከከለከለ የቁም ሳጥን ጎን ወይም የበር ጀርባም ይሆናል። ክረምት ላይ እርጥበት የሚያመጣ ግድግዳ ላይ ግን በፍጹም አትስቀሉት።

ከፍታው የልጁ እንጂ የእናንተ አይደለም። የትልቋ የላይኛው ጫፍ ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ላይ ነው፤ የትንሹ ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ልጁ ወንበር ላይ ወጥቶ የሚያወርደው ከሆነ መልሶ እናንተን ነው የሚጠራው።

«አምስት ኪስ አለ፣ ዩኒፎርሙ ግን ሁለት ብቻ ነው» የሚል ይኖራል። እኛም ቤት ሁለት ነው። የሰኞ ኪስ ሙሉ ልብስ ይይዛል፣ የረቡዕም እንደዚያው። የማክሰኞና የሐሙስ ኪስ ውስጥ ካልሲ፣ የውስጥ ልብስና ካናቴራ ብቻ ይገባል፤ ሱሪውና ሹራቡ ከትናንት ይቀጥላል። የሰኞው ዩኒፎርም ማክሰኞ ማታ በተቀመጠ ውሃ ለቅለቅ ይልና ለዓርብ ይደርሳል። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ባለበት ቀን ቱታው እዚያው ቀን ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ብቻውን ብዙ ለቅሶ አስቀርቶልናል። ዓርብ ጁምዓ የሚሄድ ልጅ ያላችሁ ኮፍያውን ከዓርብ ልብሱ ጋር አስቀምጡለት። ስድስተኛው ኪስ ለመሐረብ፣ ለፀጉር ላስቲክ፣ ጓደኛዋ ለጠፋባት ካልሲ።

እሁድ ማታ የሚሞሉት ልጆቹ ናቸው። እኔ አጥፌ አልጋ ላይ እደረድራለሁ፣ እነሱ እያነበቡና ቀለም እያዩ ያስገባሉ። ትንሹ አንዳንዴ የሐሙስን ማክሰኞ ይከተዋል። አላርመውም፤ ማክሰኞ ጠዋት ራሱ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ልብሱ በደንብ ሳይደርቅ ኪስ ውስጥ አይግባ። ትምህርት በሚጀመርበት በመስከረም ዝናቡ ገና አያበቃም፣ ልብስም ቶሎ አይደርቅም። የሱሪ ወገብና የሹራብ እጅ ከሁሉም በኋላ ነው የሚደርቁት፤ በጣታችሁ ጨበጥ አድርጋችሁ እዩ። ትንሽ ቀዝቀዝ ካላችሁ አልደረቀም። እንዲህ ሆኖ ታጥፎ ከተቀመጠ ሁለት ቀን ሳይሞላው ይሸታል።

ትምህርት ሲዘጋ እንጨቱን አውጥታችሁ ጨርቁን እጠቡት፤ ቁልፎቹ ከላሉ አጥብቋቸው። መልሳችሁ ስትሰቅሉ ልጁን ግድግዳው ጋ አቁሙና ከፍታውን እንደገና ለኩ።