ረጅም ቀስትን አሳጥሮ ማጠንከር፦ ከመጋዙ በፊትና በኋላ

የእንጨት ቀስት ጫፎቹ ሲቆረጡ ለመሳብ ይጠነክራል፤ አጭር ክንድ (ከእጀታው እስከ ጫፉ ያለው የቀስቱ ጎባጭ ክፍል) ከረጅሙ ይልቅ ለመጉበጥ ያስቸግራልና። ጭማሪውም ከተቆረጠው ርዝመት ይበልጣል። ክንዱ በ3 በመቶ ሲያጥር ግትርነቱ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ለመሳብ የ18 ኪሎ ኃይል የሚጠይቅ ባለ 183 ሴንቲ ሜትር ቀስት ከሁለቱም ጫፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢነሳለት ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን እንጨቱ ነው፤ አውታሩ እንደ ድሮው ያህል እየተሳበ ያጠረው ክንድ የበለጠ ይጎብጣል። ቀስት የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በመቆረጡ ሳይሆን ሳይሰላ በመቆረጡ ነው።

ስሌቱ ከመሳቢያ ርቀትዎ ይጀምራል። ቀስቱ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ከእጀታው ጀርባ (ወደ ዒላማው ከሚዞረው ፊት) እስከ አውታሩ ያለውን ርቀት ይለኩ። 71 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በሁለት ያባዙትና 10 በመቶ ይጨምሩበት፤ 156 ሴንቲ ሜትር የቀስት ርዝመት ይመጣል። እጀታው አብሮ ለሚጎብጥ ቀስት ከዚህ በታች አይወረድም። እጀታው ወፍራምና የማይጎብጥ ከሆነ እስከ 168 ድረስ ብቻ ይውረዱ። አውታሩ ተፈትቶም ጫፎቹ ከእጀታው 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ጎብጠው የቀሩ ቀስት፣ ጀርባው ላይ ስንጥቅ ያለበት፣ ወይም ሆዱ ላይ (ወደ ሳቢው በሚዞረው ፊት) ቀጫጭን አግድም መስመሮች የታዩበት ቀስት አይቆረጥም። እንጨቱ ቀድሞውኑ ከአቅሙ በላይ ሠርቷል። በፋይበር ግላስ የተለበጠ የፋብሪካ ቀስትም ይተው፤ አቧራው ለሳንባ ጎጂ ነው፣ ጫፉ ላይ የተለጠፈው ማጠናከሪያም ከተቆረጠው ጋር ይሄዳል።

ጎንደር ላይ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። በክረምት እንጨት እርጥበት ስለሚስብ ሚዛኑ ላይ ለስልሶ ይታያል፣ በቀላሉም ጎብጦ ይቀራል። በሐምሌ የተለካ ኪሎ በጥር አይገኝም።

የሚያስፈልጉት ጥርሱ ደቃቅ መጋዝ፣ ክብና ጠፍጣፋ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሜትር፣ እርሳስ፣ እስከ 50 ኪሎ የሚያነብ ባለ መንጠቆ ሚዛን፣ ገመድና አንድ ካሩኬላ ናቸው። የፋብሪካ ቀስት ላይ የሚጻፈው በፓውንድ ስለሆነ 40 ፓውንድ ወደ 18 ኪሎ እንደሚሆን ያስታውሱ።

ከመቁረጥዎ በፊት የአሁኑን ኪሎ መዝግበው ይያዙ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጫፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያንሱ። የፈለጉት ጭማሪ 4 ኪሎ ቢሆን እንኳ በአንድ ጊዜ አይሂዱበት፤ የተቆረጠ እንጨት አይመለስም። አንዱ ክንድ ከሌላው በግልጽ የሚደክም ከሆነ ከደካማው እስከ 1 ሴንቲ ሜትር አብልጦ መቁረጥ ሁለቱን ለማቀራረብ ይረዳል።

አዲሱን የአውታር ማረፊያ ከጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው በሁለቱ ጎኖች ላይ በክብ ሞረድ ይቅረጹ፤ ጥልቀቱ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ቦዩ ከጀርባ ወደ ሆድ ሲወርድ ወደ እጀታው ያዘንብል። ጀርባውን ፈጽሞ አይሞርዱ፤ እዚያ የተቆረጠ ጭረት ስንጥቅ የሚነሳበት ቦታ ነው። የቦዩን ጠርዞችም በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፤ አለዚያ አውታሩን ይበሉታል።

ቀጥሎ ያለውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ቀስቱ ከብዶ ፍላጻው ግን ያልፈጠነ እንደሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። አዲሱ ጫፍ ቀድሞ የክንዱ አካል ስለነበር ሰፊና ከባድ ነው። ሲለቀቅ ያን ክብደት ለማንቀሳቀስ ኃይል ይባክናል፣ እጅንም ይነዝራል። የመጨረሻውን 15 ሴንቲ ሜትር ከጎንና ከጎን እያነሱ ጫፉን ወደ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያጥብቡት። ውፍረቱን አይንኩ። ወይራን በመሰለ ከባድ እንጨት ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

የድሮው አውታር አሁን ይረዝማል። ጠምዝዞ ማሳጠር 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ቢያነሳ ነው፤ አዲስ ይሥሩ። ከቦይ እስከ ቦይ ካለው ርዝመት 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ይጠር፤ ሲወጠር ከእጀታው ከ15 እስከ 17 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይቆማል። ለ20 ኪሎ ቀስት ከዳክሮን (ለአውታር ከሚሆን የፖሊስተር ክር) 12 ወይም 14 ክር ይበቃል፤ በሰም ይሹት።

አሁን ጉብጠቱን ማመጣጠን ይቀራል። እጀታውን ግድግዳ ላይ በተመታ እንጨት ላይ ያስቀምጡ፣ የአውታሩን መሃል በገመድ ከሚዛኑ ጋር ያገናኙ፣ ገመዱን በካሩኬላ አሳልፈው ከራቅ ብለው ይሳቡ። መጀመሪያ እስከ ግማሽ ርቀት 30 ጊዜ ይሳቡት፣ ከዚያ በ5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ። ሚዛኑ ያሰቡት ኪሎ ላይ ሲደርስ ርቀቱ ባይሞላም እዚያው ያቁሙ። ክንዶቹ ከእጀታው ጀምሮ እኩል ሊጎብጡ ይገባል። የታችኛው ትንሽ ጠንከር ይበል፤ ተወጥሮ ሲለካ በአውታሩና በክንዱ መካከል ያለው ክፍተት በላይኛው በኩል በ3 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ጥሩ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንደ ማጠፊያ ከጎበጠ ያንን ቦታ አይንኩት፤ ግትር ከሆነው ክፍል ሆዱን በቢላ ስለት ወይም በብርጭቆ ስባሪ በስሱ ይፋቁ፣ ከእያንዳንዱ ፍቅያ በኋላም 30 ጊዜ ስበው እንደገና ይመልከቱ። መፋቅ ኪሎውን ስለሚቀንስ መጀመሪያ ከፈለጉት 1 ኪሎ አብልጦ መነሳት ይሻላል።

የተቆረጠበትን ቦታ በተልባ ዘይት ያጥግቡ። የድሮ ፍላጻዎችዎ ለአዲሱ ኪሎ ሊለመጡ ስለሚችሉ ጠንከር ያሉ ያዘጋጁ፤ ክብደታቸውም ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.4 ግራም አይነስ፣ ለ20 ኪሎ ማለት 28 ግራም። ከዚያ በጣም የቀለለ ፍላጻ ቀስቱን ያለ ፍላጻ ባዶውን ወደ መልቀቅ የተጠጋ ጉዳት ያደርስበታል። ከተኮሱ በኋላ አውታሩን ፈትተው ከምድጃ ራቅ ባለ ቦታ በሁለት ችካል ላይ አግድም ያስቀምጡት፤ ክረምቱ ሲወጣም ኪሎውን እንደገና ይለኩ።