ከቫይረስ ሕመም በኋላ ድካሙ ሳይለቅ ደም መለገስ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ሥራዬ ደም ሊለግሱ የመጡ ሰዎችን መርፌው ከመግባቱ በፊት ማነጋገር ነው። ከኮቪድ ወዲህ አንድ ዓይነት ለጋሽ በዝቷል፦ ትኩሳቱና ሳሉ ከተወው ወራት ያለፈው፣ ድካሙ ግን ያልለቀቀው። ደረጃ ሲወጣ ልቡ ይመታል፤ አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን ይተኛል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ድሬዳዋ ላይ ቺኩንጉንያ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ ሕመም ከተዛመተ በኋላም መገጣጠሚያቸው ለረጅም ጊዜ ሲያማቸው የቆዩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ብዙዎቹ ሲታመሙ ለደረሰላቸው ሰው ውለታ ለመመለስ የሚመጡ ቅን ሰዎች ናቸው። ስህተታቸው የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው «መጥፎው ደም ይውጣልኝ» ብሎ መምጣት ነው። ዋግምት በሚታወቅበት አገር ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ነገር ግን ከክንድዎ የሚቀዳው በመላ ሰውነትዎ የሚዘዋወረው ያው ደም ነው፤ መጥፎው ተለይቶ፣ ደህናው ቀርቶ የሚወጣበት መንገድ የለም። የሚወጣው ከ350 እስከ 450 ሚሊ ሊትር ደም ነው፤ ወደ 200 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ብረትም አብሮት ይሄዳል። ፈሳሹን ጤነኛ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተካዋል፤ ቀይ የደም ሴሎቹ ግን ሳምንታት ይፈልጋሉ። የእርስዎ ሰውነት ደግሞ አሁን ያለውን ደም እንኳ ወደ ጭንቅላት ለማድረስ እየታገለ ሊሆን ይችላል። ቆመው ሲቆዩ የሚያዞርዎትና ልብዎ የሚሮጠው ለዚህ ከሆነ፣ ደም ማውጣት ሕመሙን ያባብሰዋል እንጂ አያቀለውም። ደግሞስ መጥፎ ነው ብለው ያመኑበትን ደም በወሊድ ላይ ደም ለሚፈሳት እናት ነው የሚሰጡት? ይህን ስጠይቅ ብዙዎች ደንግጠው ዝም ይላሉ፤ እንዲያስቡበት ስለምፈልግ ግን መጠየቄን አልተውም።

ቀጥሎ የሚመጣው «ደሜ ተመርምሮ ንጹሕ ነው ተብያለሁ» የሚለው ነው። ደምዎ የሚመረመረው ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ነው። ምርመራው የሚጠብቀው ተቀባዩን ነው። እርስዎ ነገ ከአልጋ ይነሱ እንደሆነ አይናገርም። ክብደትዎ ከ45 ኪሎ በላይ፣ ሄሞግሎቢንዎም (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ የቆየ ድካም ግን በእነዚህ መለኪያዎች አይታይም። በመጠይቁ ላይ ካልተናገሩት እኔ የማውቅበት መንገድ የለኝም።

«ከአልጋው ስነሳ ምንም አልሆንኩም» ብሎ መተማመንም እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። ይህ ሕመም ዕዳውን የሚጠይቀው ዘግይቶ ነው፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን። አንድ መምህር ደም ሰጥቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ እየሳቀ ወጣ። ከቀናት በኋላ ባለቤቱ ደውላ ከቤት መውጣት እንዳቃተው ነገረችኝ። በመጠይቁ ላይ ሕመሙን አልጠቀሰም ነበር።

ሌላው ደግሞ የውጭ አገር እገዳን አጣሞ መተርጎም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ኤክስ ኤም አር ቪ የተባለ ቫይረስ አገኘን አለ። በቀጣዩ ዓመት ካናዳና የአሜሪካ ቀይ መስቀል እነዚህን ሰዎች ከለጋሽነት አገዱ። በኋላ ግን ቫይረሱ በቤተ ሙከራ ውስጥ ከአይጥ ቫይረሶች የተፈጠረና ናሙናዎቹን የበከለ መሆኑ ታወቀ፤ መጽሔቱም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ጥናቱን ሰረዘው። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን ከደም ልገሳ አግዳለች፤ የሰጠችው ምክንያት ግን የለጋሹን ጤና መጠበቅ ነበር። ዛሬም ያንን የተሰረዘ ጥናት ይዘው «ደማችን የተመረዘ ነው» እያሉ የሚሸማቀቁ ሰዎች አሉ። የተመረዘ አይደለም! እኔ «ይቆዩ» የምለው ለእርስዎ ብዬ ነው፤ የሚቆዩትም ትኩሳቱ እስኪለቅ ብቻ ሳይሆን ድካሙ ራሱ ለቆ ወደ ቀድሞ ሥራዎ እስኪመለሱ ድረስ ነው።

ሄፓታይተስ ቢ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ግን ራሳቸውን ከዚህ ጋር አያምታቱ፤ ቫይረሱ አልሄደምና ደም አይለግሱም።

ደም ከመለገስ ስለተከለከሉ ሌላውንም ልገሳ ሁሉ እንደተከለከሉ መቁጠር የመጨረሻው ስህተት ነው። አዲስ አበባ ያለው የዓይን ባንክ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰበስበው ከሞት በኋላ የሚለገስ የዓይን ብሌን ነው። በዚያን ጊዜ የሚጎዳ ለጋሽ የለም፤ ድካምዎም ቃል ከመግባት አያግድዎትም፤ ብሌኑ ለንቅለ ተከላ መሆን አለመሆኑን ባለሙያዎች በሰዓቱ ይወስናሉ። በሕይወት እያሉ ኩላሊት መስጠት ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላው በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር ኩላሊቱ የመጣው በሕይወት ካሉ የቤተሰብ አባላት ነው። ለወንድምዎ ሊሰጡ ካሰቡ ድካምዎን በመጀመሪያው ቀን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ቤተሰብ በተሰበሰበበት መናገር ከከበደዎት ሐኪሙን ለብቻው ያነጋግሩ። ለዓይን ብሌን ደግሞ ቃል መግባትዎን ቤተሰብዎ ይወቅ፤ ብሌኑ የሚወሰደው ከሞት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሆነ ለባንኩ የሚደውሉት እነሱ ናቸው።