የትምህርት ዓላማን ልጁ ላይ በሚታይ መልኩ መጻፍ፦ ከቅድመ አንደኛ እስከ 12ኛ ክፍል እንዴት እንደሚሠራ

ነሐሴ ሲጋመስ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያሉ ትምህርት ቤቶች ዓመታዊ ዕቅድ ያዘጋጃሉ። ዕቅዱ ይታተማል፣ ማህተም ያርፍበታል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። መስከረም ላይ መምህሩ ምዕራፍ 1ን ይከፍታል። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ ያለው ሩጫ መጽሐፉን ለመሸፈን ነው። ስብሰባ ላይም የሚጠየቀው «የት ደረስክ?» ነው። «ልጆቹ ምን መሥራት ቻሉ?» የሚል ሰው ብዙም አይገኝም።

ውጤቱን ሁላችንም አይተነዋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ነገር 12ኛ ክፍል ላይ አልተጀመረም። ልጁ 3ኛ ክፍል ላይ ያልያዘውን ይዞ ነው እዚያ የደረሰው። ስለዚህ መምህር ብትሆኑም፣ ወላጅ ብትሆኑም፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባል ብትሆኑም ነገሩ ይመለከታችኋል።

1. በእጃችሁ ያለውን ለዩ

ሥርዓተ ትምህርቱን ትምህርት ቤት አያወጣውም። ማዕቀፉ የሚመጣው ከትምህርት ሚኒስቴር ነው። አወቃቀሩም ተቀይሯል፤ ድሮ ከ1 እስከ 8 አንድ ላይ የነበረው አሁን 1–6 አንደኛ ደረጃ፣ 7–8 መካከለኛ፣ 9–12 ሁለተኛ ደረጃ ሆኗል፣ ከፊቱም ቅድመ አንደኛ አለ። ይህን እናንተ አትቀይሩትም። ግን በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ምሳሌ የእናንተ ነው። ለየትኛው ርዕስ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ እንደሚሰጥ፣ ተከታታይ ምዘናው በምን እንደሚካሄድ፣ ወደ ኋላ ለቀረው ልጅ ምን እንደሚደረግ የሚወሰነው በአብዛኛው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። ይህ ትንሽ ሥልጣን አይደለም። ብዙ ትምህርት ቤት ሳይጠቀምበት ዓመቱ ያልፋል።

2. «ያውቃሉ» እና «ይረዳሉ» የሚሉትን ሰርዙ

አንድ የዕለት ትምህርት ዕቅድ ገልጣችሁ እዩ። «ከዚህ ትምህርት በኋላ ተማሪዎች ስለ ክፍልፋይ ያውቃሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር አታጡም። ማወቃቸውን በምን አያችሁት? መምህሩ ሲያስረዳ ዝም ብለው ስላዳመጡ ነው? «ገባችሁ?» ሲባል ሁሉም «አዎ!» ስላሉ ነው?

አሁን በዚህ ተኩት፦ «ተማሪው አንድ ክብ ሥሎ 4 እኩል ቦታ ይከፍላል፣ 3/4ን ያቀልማል፣ 3/4 ከ2/3 እንደሚበልጥ በሥዕል ያሳያል።» ይህን መምህሩ በክፍሉ እየተዘዋወረ በዓይኑ ያየዋል። ወላጅም ማታ ቤት ውስጥ ልጁን ወረቀት ሰጥቶ ሊያየው ይችላል። ጥሩ ዓላማ ሦስት ነገር ይናገራል፦ ልጁ ምን ይሠራል፣ በምን ሁኔታ ይሠራል (ያለ መጽሐፍ ነው? በሥዕል ነው? ከጓደኛው ጋር ነው?)፣ ምን ያህል ሲሠራ በቃ ይባላል።

የመምህርነት ሥልጠና የወሰደ ሁሉ የብሉምን ደረጃዎች ተምሯቸዋል፤ የልጁን አስተሳሰብ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚደረድሩ ናቸው። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 እ.ኤ.አ ያወጧቸው ናቸው፤ በ2001 እ.ኤ.አ ተሻሽለው ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ መገምገም እና መፍጠር በሚል ተቀምጠዋል። ችግሩ ግሦቹ ዕቅድ ላይ ይገለበጡና ፈተናው ሲመጣ «ምን ይባላል?»፣ «ስንት ናቸው?» ብቻ ይሆናል። ዕቅዱ «ይተነትናል» እያለ ፈተናው ማስታወስን ብቻ ከጠየቀ ልጁ የሚያምነው ፈተናውን ነው፣ ልክም ነው።

3. ጥያቄውን ከትምህርቱ በፊት ጻፉ

ይህን ብዙ ሰው ገልብጦ ይሠራዋል። ራልፍ ታይለር የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ምሁር በ1949 እ.ኤ.አ ያስቀመጣቸው አራት ጥያቄዎች ዛሬም ይሠራሉ፦ ዓላማችን ምንድን ነው? እዚያ የሚያደርሰው የትኛው ሥራ ነው? ሥራው በምን ቅደም ተከተል ይሂድ? መድረሳችንን በምን እናውቃለን? እኔ የምመክረው የመጨረሻውን ጥያቄ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ቀን ላይ መመለስ ነው። ዓላማውን እንደጻፋችሁ እዚያው ሥር ልጁ መድረሱን የምታዩባቸው ሁለት የፈተና ጥያቄ ጻፉለት። ጥያቄ ማውጣት ካቃታችሁ ዓላማው ገና አልጠራም ማለት ነው። ተመልሳችሁ አስተካክሉት።

4. አንዱን ክር ከታች እስከ ላይ ሳቡ

በጣም የሚያስደስተው ሥራ ይህ ነው። አንድ ሐሳብ ያዙና በየደረጃው ምን እንደሚሆን ጻፉ። ለእኛ አካባቢ የተዘጋጀ የሚመስል ምሳሌ አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ደሴ ላይ ጃኬት ለብሶ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ያወልቀዋል። ልጆቹ ይህን በቆዳቸው ያውቁታል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ እየደረጀ የሚሄድ ዕውቀት ሊያደርግላቸው ይችላል።

ቅድመ አንደኛ ላይ ያለ ልጅ ሞቃትና ቀዝቃዛን ይለያል፣ ለብርድ የሚለበሰውን መርጦ ለምን እንደመረጠው በቃሉ ይናገራል። በቃ፣ ከዚህ በላይ አትጠይቁት። 4ኛ ክፍል ሲደርስ ቴርሞሜትር ያነባል፣ የአንድ ሳምንት የጠዋት ሙቀት በሰንጠረዥ ይመዘግባል። 6ኛ ላይ የሳምንቱን አማካይ ያሰላል። 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ የደሴው ተማሪ ኮምቦልቻ ካለ ትምህርት ቤት ቁጥር ይቀበላል፣ ሁለቱን ከተሞች በአንድ ግራፍ ላይ በሁለት መስመር ያሳያል፣ ልዩነቱንም ከከፍታ ጋር አያይዞ ይጽፋል። 10ኛ ክፍል ላይ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚቀንስ ይማርና ለ650 ሜትር ያሰላዋል፤ 4 ዲግሪ ገደማ ይመጣለታል፣ ከዚያ እነ 8ኛ ክፍል ከለኩት ጋር ያስተያየዋል። ካልተገጣጠመ ለምን? ደመና ነበረ? ቴርሞሜትሩ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር? 12ኛ ክፍል ላይ ጥያቄውን ራሱ ተማሪው ያወጣል፣ ራሱ ይለካል፣ ራሱ ይከራከርበታል።

አዲስ የትምህርት ዓይነት አልጨመርንም። ሁሉም አካባቢ ሳይንስ፣ ሒሳብና ጂኦግራፊ ውስጥ የሚገባ ነው። የየክፍሉን ዓላማ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ደርድራችሁ ከታች ወደ ላይ አንብቡት። አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር 5ኛም 7ኛም ላይ ካለ ልጁ አንድ ነገር ሁለቴ እየተማረ ነው። ከ4ኛ ወደ 8ኛ የሚዘል ካለ ደግሞ መሐሉ ላይ የሚወድቀው ልጅ ብዙ ነው።

5. መሸጋገሪያዎቹ ላይ ሁለቱን መምህራን አገናኙ

ልጆች የሚጠፉት ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲሻገሩ ነው። ከሁሉም የሚከብደው 9ኛ ክፍል ነው፤ ከአማርኛ ትምህርት በቀር መጽሐፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ባዮሎጂው ሳይሆን ቋንቋው የጣለው ልጅ ስንት ነው? የ8ኛና የ9ኛ ክፍል መምህራን ግን አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ግቢ ስለሚሠሩ አይተዋወቁም። አንድ ቅዳሜ ቡና ይፈላና ይቀመጡ። የ9ኛ ክፍሉ መምህር «ልጁ እኔ ጋ ሲመጣ ይህን ቢችል ይበቃኛል» የሚላቸውን አምስት ነገሮች ይናገር። ለምሳሌ፦ «አጭር የሳይንስ አንቀጽ በእንግሊዝኛ አንብቦ ዋናውን ሐሳብ በአማርኛ ይናገራል።» የ8ኛ ክፍሉ መምህር የትኛው እንደሚቻል፣ የትኛው እንደማይቻል ይመልስ። አቦል ላይ የተጀመረው በረካ ላይ ያልቃል። ከ6ኛ ወደ 7ኛ ላለውም እንዲሁ አድርጉ።

6. የተሳሳተውን መልስ አንብቡ

ማሻሻል የሚጀምረው እዚህ ነው። ፈተና ከታረመ በኋላ ውጤት ሞልታችሁ ወረቀቱን አትመልሱ። ልጆቹ የትኛውን የተሳሳተ መልስ እንደመረጡ ቁጠሩ። 1/4 ሲደመር 1/2 ስንት ነው ተብለው ግማሹ ክፍል 2/6 ካለ ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም፤ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ እየደመሩ ነው። ያንን የሚያርመው ተጨማሪ የቤት ሥራ ሳይሆን ሌላ ዓይነት ማስረዳት ነው። በአንድ ሴሚስተር አንድ ወይም ሁለት እንዲህ ያለ ቦታ ብቻ ምረጡ፣ ትምህርቱን ቀይሩ፣ ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቁጥር መልሳችሁ ጠይቁ። ሁሉን ባንዴ ልቀይር ያለ ምኑም እንደሠራለት ማወቅ አይችልም።

7. ያመለጠውን ዘመን አስቡ

ትምህርት በ2012 በኮቪድ ተዘጋ። በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ያኔ 1ኛና 2ኛ ክፍል የነበሩ ልጆች ያመለጣቸው ፊደል የሚይዙበት ጊዜ ነው። ማንበብ ያልያዘ ልጅ የክፍሉ መጽሐፍ ላይ ምንም ዓላማ ቢጻፍለት አይደርስም። ስለዚህ መስከረም ላይ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስነብቡት፤ አንድ አጭር አንቀጽ ይበቃል። የቸገራቸውን ለዩና ማጠናከሪያ ትምህርቱን ከዚያ ጀምሩ። ልጁን በጓደኞቹ ፊት አታሳፍሩት።

8. ሰኔ ላይ አንድ ገጽ ጽፋችሁ አስተላልፉ

ለሚቀጥለው ክፍል መምህር ከውጤት በቀር የሚተላለፍ ነገር የለም። «67» የሚል ቁጥር ምንም አይነግረውም። የዓመቱን ዋና ዋና ዓላማዎች ከአንድ ገጽ ሳያልፉ ዘርዝሩ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ አብዛኛው ልጅ ደረሰበት፣ ግማሹ፣ ወይስ ገና ነው የሚለውን ጻፉ። ጊዜ አጥሯችሁ የዘለላችሁትን ምዕራፍም በግልጽ አስቀምጡ፤ የሚረከበው መምህር መስከረም ላይ ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው ከዚያ ነው። ገጹን ከሮስተሩ (ከክፍሉ የውጤት መዝገብ) ጋር አያይዙና ለርዕሰ መምህሩ አስረክቡ።