መኪናዬ አልነሳ አለች! መጀመሪያ ድምፁን ስሙ

ጠዋት ቁልፉን አዙራችሁ መኪናዋ እምቢ ካለች፣ መካኒክ ጋ ከመደወላችሁ በፊት አንዴ ደግማችሁ አዙሩና ጆሮ ስጧት። ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰም፣ ወይ ሞተሪኖው (ቁልፍ ስታዞሩ ሞተሩን የሚያዞረው) አልሠራም፣ ወይ ደግሞ ሞተሩ እየዞረ ነዳጅ ወይም እሳት አጥቷል። የትኛው እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከድምፁ ይታወቃል።

"ቀጭ ቀጭ ቀጭ" ካለች፣ ወይም እያቃሰተች ቀስ ብላ ከዞረች፣ ነገሩ ባትሪ አካባቢ ነው። ግን አዲስ ባትሪ ለመግዛት አትሩጡ። ባለፈው ታህሳስ አንዲት ጎረቤቴ ቪትዟ አልነሳ ብላት "ባትሪው ሞቷል፣ ቀይሪው" ተብላ ነበር። ኮፈኑን ከፍተን የኔጌቲቩን ተርሚናል (ገመዱ ባትሪው ላይ የሚታሰርበትን ብረት) በእጄ ያዝ አድርጌ ሳዞረው ዞረ። ተርሚናል በእጅ መዞር የለበትም። ሥሩ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፈታን። ሙቅ ውሃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈገፈግነው። አድርቀን፣ ኔጌቲቩን መጨረሻ ላይ መልሰን፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ ጥብቅ አድርገን አሰርነው። በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳች። ዱቄቱ አሲድ ስላለበት ዓይናችሁን ጠብቁ።

ተርሚናሉ ንጹሕና ጥብቅ ከሆነ ባትሪውን በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩ። መኪናዋ ቆማ ካደረች በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታህሳስ ጠዋት የደከመ ባትሪን ያጋልጣል፤ ብርዱ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል፣ ዘይቱንም ያወፍራል።

ከሌላ መኪና በኬብል ስታስነሱ ቀዩን ከፖዘቲቭ ወደ ፖዘቲቭ እሰሩ። ጥቁሩን ከደህናው ባትሪ ኔጌቲቭ አንስታችሁ በእናንተ ሞተር ላይ ካለ ባዶ ብረት ጋር አገናኙት፤ ባትሪው ላይ አይሁን፣ ጋዝ ስለሚወጣው ብልጭታ አደጋ ነው። ከተነሳች በኋላ ሞተሩ እየሠራ እንደገና ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ካላሳየ ዲናሞው (ባትሪውን የሚሞላው) በትክክል እየሞላ ላይሆን ይችላል። ይህን ሳያዩ ባትሪ የቀየሩ ሰዎች አዲሱም ባትሪ በሁለት ቀን ይወድቅባቸዋል። በጣም የሚያሳዝነኝ ወጪ ይሄ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ "ቀጭ" ብላ ዝም ካለች፣ የፊት መብራቱም ደምቆ ከቀረ፣ ሞተሪኖውን ጠርጥሩ። አንድ ሰው በእንጨት ቀስ አድርጎ መታ መታ እያደረገው ቁልፉን አዙሩ። ከተነሳች ሳታጠፏት ቀጥታ ጋራዥ። ማንዋል ከሆነች በ2ኛ ማርሽ ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል፤ አውቶማቲክን መግፋት ግን አያስነሳትም።

ጭራሽ ጭጭ ካለች ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ መሆኑን እዩ። አውቶማቲክ መኪና ከዚያ ውጭ አትነሳም።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሳ ባትሪውን እርሱት። ቁልፉን ኦን ላይ አድርጋችሁ ጸጥ በሉ። በብዙ የቤንዚን መኪኖች ከኋላ ወንበር ሥር ለሁለት ሰከንድ ያህል "ዝዝዝ" የሚል የነዳጅ ፓምፕ ይሰማል። ካልተሰማ ፊውዙን እዩ። ከተሰማ ካንዴላዎቹን (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጡትን) አስፈትሹ። በነዳጅ ጌጁ ላይ ሙሉ እምነት አትጣሉ፤ የተበላሸ ጌጅ ባዶውን ታንከር ግማሽ ያደርገዋል። የናፍጣ መኪና ነዳጅ አልቆባት ቆማ ከነበረ ነዳጅ ከሞላችሁ በኋላም መስመሩ ውስጥ አየር ስለሚገባ፣ የነዳጅ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ጫን ጫን አድርጉት።

በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አትሞክሩ፤ ሞተሪኖው ይግላል። ሞተሩ ከወትሮው በጣም ቀሎና ፈጥኖ ከዞረ ደግሞ ወዲያው አቁሙ። ታይሚንግ ቤልቱ (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያንቀሳቅሰው ቀበቶ) ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በደገማችሁ ቁጥር ቫልቮች ሊጣመሙ ስለሚችሉ ቁልፉን አውጡና አስጎትቷት።