ማይኩ ተሰክቷል፣ ድምፁ ግን የለም፦ ለትምህርት ቤት የፊልም ክበብ ችግርና መፍትሄ

ይህ በትምህርት ቤት አጭር ፊልም ለሚያስተምሩ መምህራንና ለክበቡ ልጆች ነው። ባትሪው ሞልቷል፣ ሌንሱ ተጠርጓል፣ ስልኩ ላይ ቦታ አለ ብዬ ነው የምነሳው። ቅደም ተከተሉ የመጽሐፍ አይደለም። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ሳስተምር ደጋግሞ የሚመጣብኝን አስቀድሜያለሁ። እሱም ድምፅ ነው። ሌላው ሁሉ ከኋላ ይሰለፋል።

ምልክት፦ ማይክ ተሰክቷል፣ ንግግሩ ግን ከጉድጓድ እንደሚመጣ ነው

«ማይኩ ተበላሽቷል» ተብሎ ይመጣልኛል። አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ስልኩ ጭራሽ አላየውም። ልጆቹ ማይኩን ደረት ላይ ቆንጥጠው፣ ገመዱን በሹራብ ውስጥ አሳልፈው ከሰዓቱን ሙሉ ሲቀርጹ ይውላሉ። ስልኩ ግን ያን ሁሉ ጊዜ የሚሰማው በራሱ ማይክ፣ ከአራት ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ነው። ማታ ቤት ገብተው ሲከፍቱት የተዋናዩ ድምፅ የለም፤ የባጃጁ ግን ጥርት ብሎ አለ።

ምርመራው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ቀረፃ አስጀምሩ። ማይኩን በጥፍር ጫር ጫር አድርጉት። ቀጥሎ የስልኩን ታችኛ ጫፍ፣ ትንሿ ቀዳዳ ያለችበትን፣ እንደዚያው ጫር ጫር። አቁሙና በኤርፎን ስሙት። ጎልቶ የተሰማው የስልኩ ጭረት ከሆነ ማይካችሁ ጌጥ ነው። በስልኩ ስፒከር አትስሙት፤ ስፒከር ይዋሻል።

ታዲያ ለምን አላየውም? መጀመሪያ ጃኩን፣ ስልኩ ውስጥ የሚገባውን ብረት፣ እዩ። ብረቱ ላይ ያሉትን ጥቁር ቀለበቶች ቁጠሩ። ሁለት ከሆኑ የተሠራው ለካሜራ ነው፤ ሦስት ከሆኑ ለስልክ። ባለ ሁለት ቀለበቱን ስልክ ላይ ስትሰኩት ስልኩ ተራ ኤርፎን የተሰካ ይመስለዋል። የኤርፎን ምልክት እንኳን ከላይ ያሳያችኋል። ልጆቹን የሚያሞኛቸው ይሄ ምልክት ነው። ማይክ ግን አላገኘም፣ ስለዚህ በራሱ ይቀዳል። መፍትሄው ከሁለት ቀለበት ወደ ሦስት የሚያዞር አጭር ገመድ ነው። ሁለት ቀዳዳ ያለው ማዞሪያ ከገዛችሁ ማይኩን የማይክ ስዕል ባለበት ቀዳዳ ስኩ። ሌላኛው የኤርፎን ነው፤ እሱ ላይ ከሰካችሁት ወደ መነሻችሁ ተመለሳችሁ።

አንድ ትምህርት ቤት ለሁሉም ቡድን የሚበቃ ማይክ በካርቶን ገዝቶ አመጣ። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ብሏል። ካርቶኑ ላይም የስልክ ስዕል አለ። ከፍተን ስናየው ሁሉም ባለ ሁለት ቀለበት፣ ማዞሪያ የሚባል ነገር በውስጡ የለም። ገንዘቡ የወላጅ መዋጮ ነበር። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦ ጃኩን እዚያው ሱቅ አውጡና ቁጠሩ። የጥፍሩን ሙከራም በራሳችሁ ስልክ፣ ሻጩ ፊት ሥሩ። «ማሸጊያው ከተከፈተ አልመልስም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እቃውን ከነማሸጊያው ትታችሁለት ሂዱ።

ጃኩ ደህና ሆኖ አሁንም ካልሰማ የስልኩን ከቨር አውልቁት። የማጋንን ሊመስላችሁ ይችላል። እነዚያ ወፋፍራም የጎማ ከቨሮች ጃኩ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያግዱታል። አንድ ሚሊሜትር ከቀረው ግንኙነት የለም። ልጅቷ ከቨሩን ስትወደው አይቼ ቀዳዳውን በምላጭ ያሰፋሁበት ጊዜም አለ። አውልቃችሁ ብትቀርጹ ይሻላል።

ከዚያ መተግበሪያው አለ። ከብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ጋር የሚመጣው ካሜራ የውጭ ማይክ ቢሰካም ዞር ብሎ አያየውም። ኦፕን ካሜራን ጫኑ፤ ነፃ ነው። የቪዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ኦዲዮ ሶርስ የሚለውን ፈልጉና ወደ ኤክስተርናል ማይክ ቀይሩት። ከዚያ የጥፍሩን ሙከራ ድገሙ። ሳትደግሙ «ተስተካክሏል» አትበሉኝ።

ስልካችሁ የጃክ ቀዳዳ ከሌለውና ታይፕ ሲ ማዞሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ርካሹ ማዞሪያ ሽቦ ብቻ ነው። አንዳንድ ስልክ ይቀበለዋል፣ አንዳንዱ ፊት ይነሳዋል። ውስጡ ቺፕ ያለው ያስፈልጋችኋል፤ ዋጋው ከፍ ይላል። ገመዱ መሃል ላይ ትንሽ ሳጥን ያለበት ማይክ ከሆነ ደግሞ ማብሪያውን እዩ። ስልክና ካሜራ የሚል ምርጫ ይኖረዋል፤ አንድ ሰው ኪሱ ውስጥ እያለ ሳያውቅ ገፍቶት ይሆናል።

ገመድ አልባዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ድምፁ ውሃ ውስጥ የተናገሩት ከመሰለ ድምፅ ማጽጃው በርቶ ነው። አጥፉት።

ምልክት፦ ማይኩ ይሠራል፣ ንግግሩ ግን አሁንም አይያዝም

ርቀት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይወርዳል። ዙሪያው ያለው ጫጫታ ግን አይወርድም። ማይኩ ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ላይ ይሁን። ከዚያ ወዲያ የምታደርጉት ሁሉ በኤዲት ጫጫታ መጎተት ነው።

ማይክ መግዛት ካልቻላችሁ አትግዙ። ሁለተኛ ስልክ አለ። ድምፅ መቅጃውን ክፈቱ፣ ስልኩን በተዋናዩ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ማይኩን ወደ ላይ አድርጋችሁ ክተቱት፣ ወይም ጠረጴዛው ላይ ከደብተር ጀርባ ደብቁት። ሁለቱም መቅዳት ሲጀምሩ አንድ ልጅ ካሜራው ፊት ቆሞ አንዴ ያጨብጭብ። ኤዲት ላይ እጆቹ የተጋጠሙበትን ፍሬም፣ ማለትም ያቺን አንዷን ምስል፣ ከድምፁ ሹል ጫፍ ጋር ታጋጥማላችሁ፣ አለቀ። አንዴ ብቻ ይሁን! ሦስቴ አጨብጭበው የትኛው የትኛው እንደሆነ ሲከራከሩ ያመሹ ልጆች አውቃለሁ።

ስልኮቹ በሙሉ አውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁኑ፤ ኪስ ውስጥ ያለውም፣ የቀራጩም። አንድ የለቅሶ ትዕይንት ሦስተኛው ሙከራ ላይ በጣም አምሮ ሳለ የቀራጩ እናት ደወለች። ቀረፃው ተቋረጠ። ተዋናይዋ አራተኛ ጊዜ ማልቀስ አልቻለችም።

ማይኩ ሹራብ ሥር ሲሆን ጭርጭርታ ይኖራል። ዩኒፎርሙ ሹራብ ከሆነ ማይኩን ከውጭ ቆንጥጡት፤ ይታይ። ወይም ፕላስተር ጠቅልላችሁ ጨርቁንም ቆዳውንም እንዲይዝ አድርጉ። የኮዬ ነፋስ የፊልም ወዳጅ አይደለም። የማይኩን ስፖንጅ አትጣሉ፤ ከጠፋ ከድሮ ፀጉራም ኮፍያ ቁራጭ አልብሱት። የከባድ መኪና ጉርምርምታ፣ በተለይ ከቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገድ መግቢያ አጠገብ ከቀረጻችሁ፣ ኤዲት ላይ ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ስትቆርጡ አብዛኛው ይሄዳል። ንግግሩ ብዙም አይጎዳም።

ድምፁ ተሰንጥቆ ከተቀዳ ግን ምንም አይመልሰውም። የድምፅ መጠን ማሳያ ካለ ጫፉ ከ-12 ዲሲቤል በታች፣ ማለትም ከዜሮው ራቅ ብሎ ይሁን። የሚጮህ ትዕይንት ካለ በጩኸቱ ሞክሩ። ልጆቹ በለሆሳስ ይሞክሩና ቀረፃው ላይ ይጮኻሉ።

ክፍል ውስጥ ከሆነ ድምፁ ያስተጋባል። የብሎኬት ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ምን ይጠበቃል? ካሜራው በማያየው በኩል ሁለት ብርድ ልብስ ስቀሉ። ከሌለ ቤተ መጻሕፍት ለምኑ፤ የመጽሐፍ መደርደሪያ ድምፅ ይመጥጣል። ዝናብ ከጣለ ካሜራውን ዝጉና ሻይ ጠጡ። ከቆርቆሮ በታች የሚያሸንፍ ማይክ አላየሁም።

የዕረፍት ሰዓቱን እወቁ። ከሚኒ ሚዲያ ልጆች ጋርም ቀድማችሁ ተስማሙ፤ አለበለዚያ በንግግሩ መሃል የሰልፍ ዘፈን ይለቁባችኋል። ደግሞ ከእያንዳንዱ ቦታ ከመነሳታችሁ በፊት ማንም ሳይናገር፣ ማንም ሳይንቀሳቀስ፣ ሰላሳ ሰከንድ ባዶ ድምፅ ቅዱ። ቆርጣችሁ ስትቀጥሉ ክፍተቱን የሚሞላው እሱ ነው። ልጆቹ ይስቃሉ። የሳቀ ይውጣ፣ እንደገና ቅዱ።

ምልክት፦ ፊት ጠቆረ፣ መስኮቱ በራ

ስልኩ ብርሃኑን የሚለካው ከሚያበራው ነገር ነው። ፊቱን ተጫኑት፣ ጣታችሁን ሳታነሱ ቆዩ፣ ይቆለፋል። ከሁሉ የሚሻለው ተዋናዩን አዙሮ መስኮቱን ፊት ለፊቱ ማድረግ ነው። ነጭ የሀገር ልብስ ከለበሰ ተቃራኒው ይመጣል፦ ፊቱ ደህና ሆኖ ጥለቱና ሽመናው ይጠፋል፣ ልብሱ አንድ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ። ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ፀሐይ ውጭ አትቅረጹ፤ ከአናት የሚወርድ ብርሃን ዓይንን ጉድጓድ ያደርጋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከ10 ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው።

ምልክት፦ በመብራት ሲቀረጽ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይንከባለላል

የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው፤ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተሩን፣ እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ የሰከንድ 1/50 ወይም 1/100 አድርጉ። ፍሬሙን በሰከንድ 25። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ከሆነ ይህም ላይበቃው ይችላል፤ አጥፉትና ወደ መስኮቱ ሂዱ።

ምልክት፦ ሲጀምር ከንፈርና ድምፅ ይገጥማል፣ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ተለያይቷል

ስልክ የሚቀርጸው ፍሬሙን እያፈጠነና እያዘገየ ነው። የኮምፒውተር ኤዲቲንግ ይህን አይወድም። ፋይሉን መጀመሪያ ሃንድብሬክ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ ቋሚ የፍሬም ፍጥነት ቀይሩ። ከቆረጣችሁ በኋላ ሳይሆን ከመቁረጣችሁ በፊት።

ምልክት፦ ጥርት ያለው ምስል ኤዲተሩ ጋ ሲደርስ ደበዘዘ

በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ልካችሁታል። አጭቆታል። እንደ ፋይል ላኩት፤ በአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። ይህን ሁልጊዜ እናገራለሁ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው ደብዛዛውን ይዞ ይመጣል።

ምስሉ ተጋድሞ ከመጣ ስልኩን ካዞራችሁ በኋላ ቀረፃ ጀምሩ። ሁለት የሚነጋገሩ ሰዎች አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ከመሰሉ ካሜራው በመሃላቸው ያለውን መስመር ተሻግሯል፤ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሩና ከአንድ ወገን አትውጡ።

ምልክት፦ ሁሉም ይሰማል፣ ሁሉም ይታያል፣ ግን ፊልም አይደለም

ይሄኛው የዕቃ ችግር ስላልሆነ ማንም «ተበላሸ» ብሎ አያመጣልኝም። ልጁ ይሄዳል፣ ተራኪው «በጣም አዝኖ ነበር» ይላል። ልጁ ይቀመጣል፣ ተራኪው «ትምህርት ቤት መሄድ አልፈለገም» ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጆቹ መጻፍ የለመዱት ለሰልፍ ድራማና ለሚኒ ሚዲያ ነው፤ እዚያ ያልተነገረ ነገር የለም።

ምርመራው፦ ድምፁን ዘግታችሁ ፊልሙን ላላየ ሰው አሳዩት። ምን እንደሆነ ካልነገራችሁ ስክሪፕቱ ገና ነው። ትምህርት ቤት መሄድ ያልፈለገውን ልጅ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ አድርጋ ጻፈችው፦ ልጁ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል። ጓደኞቹ ያልፋሉ። ክሩን ይፈታዋል። እንደገና ያስራል። ትረካው በሙሉ ወደቀ፤ ማንም አልናፈቀውም።

ተዋናዩ የሚያጋንን ከሆነም መድኃኒቱ ከዚሁ አይርቅም። ሩሲያዊው የፊልም መምህር ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ የአንድ ተዋናይን ያው ፊት ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሳጥን ጋር እያፈራረቀ ቆረጠ። ፊቱ አልተለወጠም፤ ተመልካቹ ግን አንዴ ረሃብ፣ አንዴ ሐዘን አየበት። በክፍላችሁ ሥሩት። የአንድ ልጅ ዝም ያለ ፊት አሥር ሰከንድ ቅረጹ። አንዴ ከምሳ ዕቃ፣ አንዴ ከፈተና ወረቀት፣ አንዴ ከተዘጋ የትምህርት ቤት በር ጋር ቁረጡት። ከዚያ በኋላ «ተጨማሪ አልቅሽ» የሚል ዳይሬክተር ይቀንሳል።

ይህን ለማድረግ ግን የነገሮቹን የቅርብ ሾት መቅረጽ ነበረባችሁ። ልጆቹ ቆመው ሙሉ ሰው ብቻ ቀርጸው ይመጣሉ። እጅ፣ ጫማ፣ በር፣ ሰዓት፣ የሚያዳምጠው ሰው ፊት፤ ለእያንዳንዱ ትዕይንት ቢያንስ አምስት እንዲህ ያለ ሾት አስገድዷቸው። ተዋናዩ ቤቱ ከሄደ በኋላም የማንንም እጅ መቅረጽ ይቻላል፤ እጅጌው ዩኒፎርም ነው።

የቀረጻችሁትን ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቶ እስክታዩት ድረስ ከስልኩ አታጥፉ።