ሪፒተሩ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ተነስቶ ብልሽቱን ማግኘት

ሪፒተር የአንዱን ሬዲዮ ሲግናል ተቀብሎ ለሌሎች አጉልቶ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ነው። «ሪፒተሩ ሞቷል» የሚል ስልክ ሲደወልልኝ ቶሎ አላምንም። ደዋዩ የሬዲዮውን መናገሪያ ቁልፍ ሲጫን ምንም መልስ አጥቶ ይሆናል። መልስ አግኝቶ ንግግሩ እየተቆራረጠበትም ይሆናል። ወይም እሱ ሌሎችን እየሰማ እሱን የሚሰማው ጠፍቶ ይሆናል። የሦስቱም መነሻ ለየቅል ነው። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ከየት ሆኖ ነው የሚሞክረው? በእጅ ሬዲዮ ነው ወይስ በመኪና? ዝናብ ነበር? ሌሎቹስ ይገባላቸዋል? አንዳንዴ ጣቢያው ድረስ ሳትሄዱ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

እሰማዋለሁ፣ አይሰማኝም

የሚቸገረው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የራሱን ሬዲዮ እንዲያይ አድርጉ። ሪፒተር በአንድ ፍሪኩዌንሲ እየሰማ በሌላ ያስተላልፋል። በ2 ሜትር ባንድ (144 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለው የአማተር ሬዲዮ ክልል) ላይ ልዩነቱ ብዙ ቦታ 600 ኪሎኸርዝ ነው። ልዩነቱ ካልተሞላ፣ ወይም ወደ ታች መሆን ሲገባው ወደ ላይ ከተሞላ፣ ሰውየው የሚያወራው ማንም በማይሰማበት ቦታ ነው።

ቀጥሎ ቶኑን እዩ። ከድምፃችን ሥር አብሮ የሚሄድ ዝቅተኛ ቶን ነው፤ ሪፒተሩ እሱን ካላገኘ በሩን አይከፍትም። ጣቢያው 88.5 ኸርዝ እየጠበቀ እናንተ 85.4 ከላካችሁ ቀኑን ሙሉ ብትጫኑ ለውጥ የለም። ሁለቱ ቁጥሮች በሬዲዮው ዝርዝር ላይ ጎን ለጎን ስለሆኑ መሳሳት ቀላል ነው።

ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል

የሬዲዮ ክለቦችን ከሁሉም በላይ የሚያደክመው ይሄ ነው። ራቅ ያለ ሰው ቁልፉን ሲጫን ሪፒተሩ ይከፈታል፣ ወዲያው ይዘጋል፣ መልሶ ይከፈታል። ቅርብ ያለው ሰው ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

ምክንያቱ ማስተላለፊያው በተነሳ ቁጥር የራሱን ጣቢያ ጆሮ መድፈኑ ነው። ተቀባዩ የሚያዳምጠው ከአንድ ማይክሮቮልት በታች የሆነ ሲግናል ነው። እዚያው አጠገቡ ደግሞ ምናልባት 50 ዋት ይጮሃል። በአንድ አንቴና እየተጠቀሙ እንዳይረባበሹ የሚያደርጋቸው ዱፕሌክሰሩ ነው።

ለማረጋገጥ፣ ሩቅ ያለ ሰው በደካማ ሲግናል እንዲያወራ አድርጉና የተቀባዩን ስፒከር ክፈቱ። ከዚያ ማስተላለፊያውን አጥፉት፣ አብሩት። ሲበራ ሹሹታው ሰውየውን ከዋጠው ጥርጣሬው ትክክል ነው። ቀጥሎ ደካማ ሲግናል ከሲግናል ጀነሬተር (የሙከራ ሲግናል ከሚያመነጭ መሣሪያ) በኩፕለር (ጥቂት ሲግናል ወደ ኬብሉ በሚያሾልክ ማገናኛ) በኩል እያስገባችሁ አንቴናውን ንቀሉና በምትኩ ደሚ ሎድ ግጠሙ፤ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚቀይረውን ማለቴ ነው። ችግሩ ከጠፋ ብልሽቱ ከዚያ በላይ ነው፦ ረጅሙ ኬብል፣ አንቴናው ወይም ምሰሶው ራሱ። ካልጠፋ የሪፒተሩ ሳጥን ውስጥ ነው።

እባካችሁ የዱፕሌክሰሩን ብሎኖች ቶሎ አትንኩ። በመለኪያ መሣሪያ የተስተካከሉ ናቸው፤ በጆሮ ግምት አንድ ጊዜ ከዞሩ ወደ ነበሩበት መመለስ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ አጫጭሮቹን ማገናኛ ኬብሎች ፈትሹ። ስፒከሩ ክፍት ሆኖ፣ ማስተላለፊያው በርቶ፣ እያንዳንዱን ኬብልና ኮኔክተር ቀስ ብላችሁ በጣት ነቅነቅ አድርጉ። አንዱን ስትነኩ ቻር ቻር ካለ አገኛችሁት። ሽቦ ጥልፉ ነጠላ የሆነ ርካሽ ኬብል ኃይል ያሾልካል። የአሉሚኒየም ወረቀት ከመዳብ ጥልፍ ጋር የተነካካበት ኬብልም፣ ለተራ ጣቢያ ግሩም ቢሆንም፣ እዚህ ላይ ውሎ አድሮ ጫጫታ ያመጣል። ድርብ ጥልፍ ባለው ኬብል ቀይሩት።

ጫጫታው ነፋስ ሲነሳ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ቀና በሉና ምሰሶውን እዩ። የዛገ መገጣጠሚያ ወይም የላላ የመወጠሪያ ገመድ ይሆናል። ሰው ከመውጣቱ በፊት ግን ማስተላለፊያው ከነኃይል ምንጩ ይጥፋ፤ መልሶ እንዳይበራም አንድ ሰው ታች ይቁም።

ሲዘንብ ይደክማል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይድናል

ውሃ ገብቷል። አንድ ክረምት ይሄ ምልክት እያለ ከሬዲዮው ጋር ስንታገል ከረምን። ኤስደብልዩአሩ፣ ማለትም ከአንቴናው ምን ያህል ኃይል ወደ ኋላ እንደሚመለስ የሚያሳየው ልኬት (ለ1 ሲቀርብ ጥሩ ነው)፣ 1.3 ስለነበረ አንቴናውን ማንም አልጠረጠረም። በመጨረሻ ከአንቴናው ሥር ያለውን ኮኔክተር ስፈታ ውሃ በጣቴ ላይ ወረደ። መሃል ላይ ያለችው ፒን አረንጓዴ ሆናለች። ቴፑ ከላይ ወደ ታች ተጠቅልሎ ስለነበር እያንዳንዱ ድርብ ውሃ መቀበያ ኪስ ሆኖ ነበር።

ለምን ኤስደብልዩአሩ ጥሩ መሰለ? ውሃ የጠጣ ኬብል ኃይሉን ሲሄድም ሲመለስም ይበላዋል። ከታች ያለው መለኪያ የሚመለስ ነገር ስለማያገኝ ሁሉ ሰላም ነው ይላል። ስለዚህ ከታች ብቻ አትለኩ። ደሚ ሎዱንና የዋት መለኪያውን ከኬብሉ ላይኛው ጫፍ ግጠሙ። ከታች 40 ዋት ሰጥታችሁ ላይ 20 ከደረሰ 3 ዲሲቤል ጠፍቷል፤ ለዚያ ኬብል በዚያ ርዝመት ከሚጠበቀው ጋር አስተያዩት።

ውሃ የገባበትን ኬብል ማድረቅ አይሞከርም፣ ይቀየራል። አዲሱን ኮኔክተር መጀመሪያ እርስ በርሱ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ፣ ከላዩ በፕላስቲክ ቴፕ ሸፍኑ። የመጨረሻው ዙር ከታች ወደ ላይ ይሁን፤ ያኔ ድርቡ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ውሃውን ያወርደዋል። ኬብሉ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይመለስ፤ ጠብታው እዚያ ይውደቅ። የዚያን ቀን የለካችሁትን ቁጥር በሳጥኑ በር ላይ ጻፉት።

አልዘጋም ብሎ ይቀራል

አንዳንዴ መኪና ወንበር መሃል የተቀረቀረ ማይክ ነው። ለዚህ የጊዜ ገደብ ያስፈልጋል፤ 3 ደቂቃ የተለመደ ነው። ማንም ሳያወራ ከተከፈተ ስኩዌልቹን (ደካማ ሲግናልና ሹሹታ በሩን እንዳይከፍት የሚያግደውን) ትንሽ አጥብቁ፣ ቶኑም ሥራ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ጎረቤት ማሰራጫዎች ባሉበት ቦታ ደግሞ ሁለት ሲግናሎች ተደባልቀው ሦስተኛ ይወልዳሉ። የአንዱ እጥፍ ሲቀነስ ሌላው፦ 150 እና 155 ሜጋኸርዝ ተገናኝተው 145 ላይ ይወድቃሉ። ቶን በሩን ይዘጋላችኋል፤ ሥር ያለውን ረብሻ ግን አያጠፋውም። ለእሱ ማጣሪያ ወይም አይሶሌተር (ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መሣሪያ) ያስፈልጋል።

ያጉረመርማል፣ ወይም ሲናገር ይጠፋል

የኤሌክትሪክ ነገር ነው። ፓወር ሳፕላዩ ባዶውን ሲለካ 13.8 ቮልት ማሳየቱ አያጽናናችሁ። ማስተላለፊያው እየሠራ፣ እዚያው ሬዲዮው መግቢያ ላይ ለኩ። ወደ 11 ከወረደ የላላ ወይም የዛገ ተርሚናል፣ የቀጠነ ሽቦ ወይም ያረጀ ባትሪ ፈልጉ። በሁሉም ሰው ድምፅ ሥር የሚሰማ «ሁምም» የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ የሳፕላዩ ካፓሲተር መድከሙን ይናገራል።

በቀዝቃዛው ጠዋት ደህና ሆኖ ከግማሽ ሰዓት ወሬ በኋላ የሚደክም ከሆነ እጃችሁን የማስተላለፊያው ማቀዝቀዣ ብረት ላይ አድርጉ። ሪፒተሩ ከመኪና ሬዲዮ የተሠራ ከሆነ፣ የመኪና ሬዲዮ ለአጭር ንግግር እንጂ ለማያቋርጥ ሥራ አልተሠራም። 50 ዋቱን ወደ 20 አውርዱት፤ ለአድማጩ 4 ዲሲቤል ብቻ ነው የሚቀንስበት። ፋኑንም ከአቧራው አጽዱት።